ፈጣን እግር ብቻውን ምን ይሠራል?

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት፣ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ማኅበራችን ጉዳይ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ኳስ ጨዋታ የጻፈ ቢኖር «ሥራ ፈት» መባሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ እኛ ከኢትዮጵያ መጥተን በዚህ በአሜሪካ የምንማር ጥቂት ጓደኛሞች፣ ከጥናት በተረፈን ጊዜ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ስንመለከት ከርመናል። ከተመለከትነውም ውስጥ አንዱ ነገር ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቢነገር የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ብዕራችንን አንሥተናል። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ በጣም ፈጣን ወጣት ሲገኝ ፍጥነቱ በምን ይመዘን? ከተመዘነስ በኋላ በቡድኑ የመቺዎች ተራ ውስጥ የትኛው ቦታ ይገባዋል? (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

እኛ የሯጮች አገር ልጆች ነን። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ፣ ሯጭን ማክበር ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነገር ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ቤዝቦል ሜዳ ገብተን ስንቀመጥ ዓይናችን የሚያርፈው ኳሱን ከአጥር ማዶ በሚልከው ግዙፍ ሰው ላይ ሳይሆን፣ ከቤዝ ወደ ቤዝ እንደ ሚዳቋ በሚፈተለከው በቀጭኑ ልጅ ላይ ነው። ነገር ግን ሩጫና ቤዝቦል አንድ አይደሉም። በሩጫ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ፤ ክርክር የለውም። በቤዝቦል ግን ከመሮጥ በፊት የመሮጥ መብት ማግኘት ያስፈልጋል። የጽሑፋችን ቁም ነገር ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ ይሽከረከራል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጠው። በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ቤዞች አሉ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው 90 ጫማ፣ ማለት 27 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። የተቃራኒው ቡድን ወርዋሪ ከ18 ሜትር ገደማ ርቀት ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል። መቺው በደንብ ከመታ፣ ወይም ወርዋሪው አራት ጊዜ ከመምቻው ክልል ውጪ ከወረወረበት፣ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። አራቱንም ዞሮ ከተነሣበት የተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ዘጠኝ መቺዎች አስቀድሞ በተወሰነ ተራ እየተከታተሉ ይገባሉ፤ ዘጠነኛው ሲጨርስ እንደገና ከአንደኛው ይጀመራል። ሦስት ሰዎች አውት ሲሆኑ ቡድኑ ቦታ ይለቃል፤ ይህም ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል።

እንግዲህ ጨዋታውን የሚዘጋ ሰዓት የለም፤ የሚዘጋው 27 አውት ነው። 27ቱ አውቶች ለአንድ ቡድን እንደ ገበሬ የዘር እህል ናቸው። ያለ ፍሬ የተበተነ ሁሉ ተመልሶ አይለቀምም።

ፈጣኑ ልጅ የሚወደደው «ቤዝ በመስረቅ» ነው። አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመ ሯጭ፣ ወርዋሪው ኳሱን ለመልቀቅ ሲንቀሳቀስ ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ይፈተለካል። ወርዋሪው ኳሱን ለመቺው ለማድረስ 1.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ቀላቢ ደግሞ ኳሱን ይዞ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ለማድረስ 2 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ሁሉ ነገር በ3.3 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ተመልካቹ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል። እኛም እንነሣለን። ይህን የመሰለ ደስታ በሌላ ጨዋታ አላገኘንም።

ነገር ግን ደስታ ሌላ፣ ሚዛን ሌላ ነው።

በዚህ አገር ወጣት ተጫዋች እየፈለጉ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞሩ መልማዮች አሉ። በእጃቸው የሰከንድ መቍጠሪያ ይይዛሉ። ወጣቱን 60 ያርድ፣ ማለት 55 ሜትር ያህል፣ ያስሮጡታል፤ ከመምቻው ቦታ እስከ አንደኛው ቤዝ የሚፈጅበትንም ጊዜ ይለካሉ። ግራኝ መቺ ወደ አንደኛው ቤዝ ጥቂት ስለሚቀርብ የእርሱ ለብቻው ይታያል። ከዚያ ከ20 እስከ 80 በሚደርስ ሚዛን ነጥብ ይሰጣሉ፤ 50 መካከለኛ ነው፣ 80 ደግሞ በስንት አንዴ የሚገኝ ብርቅ ነው። የሚመዘኑት ችሎታዎች አምስት ናቸው፤ መምታት፣ አርቆ መምታት፣ መሮጥ፣ ኳስ መያዝና መወርወር። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በትልቁ ሊግ ሜዳዎች ሁሉ የተተከሉ መሣሪያዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች ሩጫ ይለካሉ፤ መካከለኛው ሯጭ በሰከንድ 27 ጫማ ይሄዳል፤ 30 ጫማ የደረሰ ከምርጦቹ ይቈጠራል።

ከአምስቱ ችሎታዎች ለመለካት የሚቀለው ሩጫ ነው። አንድ ሰዓትና አንድ ቀን ይበቃዋል። አንድ ወጣት ጥሩውን ኳስ ከመጥፎው ለይቶ መተው ይችል እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ጨዋታ መመልከት፣ ብዙ ጊዜም መታገሥ ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት በቀላሉ የተለካው ነገር ከሚገባው በላይ ዋጋ ያገኛል፤ በዝግታ የሚታወቀው ደግሞ ይረሳል። ይህ የቤዝቦል መልማዮች ብቻ ጠባይ አይመስለንም።

በዚህ ላይ የዘር ጉዳይ አለ። ጥቁር ተጫዋቾች ወደ ትልቁ ሊግ እንዳይገቡ ተከልክለው ቆይተው ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 በሩን ከከፈተው በኋላ እንኳ፣ በሜዳው ላይ የሚሰጣቸው ቦታ እንደ ሌላው አልነበረም። በ1970 የታተመ አንድ የማኅበረሰብ ጥናት እንዳሳየው፣ ጥቁር ተጫዋቾች በብዛት የሚመደቡት ሩጫ በሚፈለግበት በሜዳው ዳርቻ ሲሆን፣ ጨዋታውን ከሚመሩት ቦታዎች ርቀው ነበር። እግሩ ታይቶ አእምሮው ያልተጠየቀ ስንት ወጣት አልፎ ይሆን? ስለ ፈጣን ልጅ አመዛዘን የምንከራከረው በጨዋታ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ከዚህ ይረዳልን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከመካከላችን የሒሳብ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን አንድ ማታ እራት ከበላን በኋላ ወረቀት አውጥቶ ያስረዳን እንዲህ ነው። ከ2010 እስከ 2015 በተደረጉት የትልቁ ሊግ ጨዋታዎች አማካይ ስሌት፣ ማንም አውት ሳይሆን አንድ ሯጭ አንደኛው ቤዝ ላይ ሲቆም ቡድኑ በዚያ ዙር 0.86 ያህል ነጥብ ይጠብቃል። ሯጩ ሰርቆ ሁለተኛው ቤዝ ከደረሰ ተስፋው ወደ 1.10 ይወጣል፤ ትርፉ 0.24 ነው። ሲሰርቅ ከተያዘ ግን ቤዙም ባዶ ይቀራል፣ አንድ አውትም ይጠፋል፤ ተስፋው ወደ 0.25 ይወርዳል፤ ኪሳራው 0.61 ነው። እንግዲህ አንድ መያዝ የሁለት ተኩል ስርቆት ትርፍ ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ ከ100 ሙከራ ቢያንስ 72ቱ ያህል ካልተሳካ፣ ሯጩ እየሮጠ ቡድኑን ያደኸያል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት እዚህ ላይ በቍጥር ተጻፈ።

ይህን ይዘን ሦስት ሰዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ኸርብ ዋሽንግተን ነው። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር፤ በአዳራሽ ውስጥ ውድድር ከዓለም ፈጣኖች አንዱ ሆኖ የታወቀ። በ1974 የኦክላንድ አትሌቲክስ ቡድን ባለቤት ቻርሊ ፊንሌ ለሩጫ ብቻ ቀጠረው። ሳይመታ፣ ሳይወረውር፣ ኳስም ሳይይዝ፣ የሌላ ሰው ምትክ ሆኖ ቤዝ ላይ እየቆመ መሮጥ ብቻ ነበር ሥራው። በዚያ ዓመት 45 ጊዜ ለመስረቅ ሞከረ፤ 29 ጊዜ ተሳካለት፣ 16 ጊዜ ተያዘ። ከ100 ወደ 64 መሆኑ ነው። ከላይ ካስቀመጥነው ልክ በታች ነው፤ በዓለም ከሚታወቁት ፈጣን እግሮች አንዱ ቡድኑን አላተረፈም። በዚያው ዓመት በመጨረሻው የሻምፒዮና ውድድር፣ በሁለተኛው ጨዋታ በዘጠነኛው ዙር ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተመርቶ ሳለ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ፤ ወርዋሪው ማይክ ማርሻል ድንገት ዞሮ ወደ ቤዙ ወረወረና ያዘው። ቡድኑ ያንን ጨዋታ ተሸነፈ፤ ሻምፒዮናውን ግን 4 ለ 1 ወሰደ። ዋሽንግተን በ1975 ግንቦት ወር ተሰናበተ። በ105 ጨዋታዎች ገብቶ አንድ ጊዜ እንኳ ዱላ ይዞ አልቆመም።

ሰውየው ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም። ፍጥነቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ቤዝ መስረቅ የወርዋሪውን ትከሻ፣ ተረከዝና ልማድ አጥንቶ መነሣት ነው፤ የዓመታት ትምህርት ነው። ያንን ትምህርት ሳይጨርስ ውጤቱን ጠየቁት።

ሁለተኛው ቢሊ ሃሚልተን ነው። ከሚሲሲፒ ግዛት የተገኘ ልጅ ሲሆን የሲንሲናቲ ሬድስ ቡድን በ2009 መለመለው። በ2012 በታችኛው ሊግ 155 ቤዝ ሰርቆ፣ ቪንስ ኮልማን በ1983 ያቆመውን የ145 ክብረ ወሰን ሰበረ። አገር ሁሉ ስለ እርሱ አወራ። በዚያ ዓመት ቤዝ ላይም በደንብ ይደርስ ነበር፤ ከ1000 ጊዜ 410 ያህል። ነገር ግን በ2014 ትልቁ ሊግ ውስጥ ሙሉ ዓመት ሲጫወት ቤዝ ላይ የደረሰው ከ1000 ጊዜ 292 ብቻ ሆነ፤ የሊጉ አማካይ ከ310 በላይ ነበር። 56 ቤዝ ሰረቀ፤ 23 ጊዜ ተያዘ። ከ100 ወደ 71 ነው፤ ከተባለው ልክ ጋር እኩል ለእኩል። ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ በሒሳብ ሲታይ ከባዶ ብዙም አልራቀም። በሚቀጥለው ዓመት ስርቆቱን አሻሻለ፤ 57 ሰርቆ 8 ጊዜ ብቻ ተያዘ። ቤዝ ላይ የመድረሱ ነገር ግን ወደ 274 ወረደ። በሜዳው ዳርቻ ኳስ በመያዝ ከምርጦቹ አንዱ ነበር፤ ቢሆንም በ2018 መጨረሻ ሲንሲናቲ ለቀቀው።

ከታችኛው ሊግ ወደ ላይ ሲወጣ ምን ተለወጠ? እግሩ አልዘገየም። የተለወጠው ወርዋሪው ነው። በታችኛው ሊግ ያሉት ወርዋሪዎች ገና ኳሱን በፈለጉት ቦታ መጣል አይችሉም፤ ስለዚህ መቺው ቆሞ በመጠበቅ ብቻ ብዙ ጊዜ በነጻ ያልፋል። በትልቁ ሊግ ያለው ወርዋሪ ግን ይችላል። ደግሞም ኳስ አርቆ የማይመታን ሰው አይፈራም፤ በመምቻው ክልል መካከል ይወረውርበታል። ስለዚህ መልማይ ሊጠይቅ የሚገባው «ዛሬ ቤዝ ላይ ይደርሳል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ወርዋሪው ሲበረታስ ይደርሳል ወይ?» የሚለውን ነው።

ሦስተኛው ሪኪ ሄንደርሰን ነው። በዚያው በኦክላንድ ከተማ ተምሮ በ1976 በዚያው በኦክላንድ ቡድን ተመለመለ፤ ዋሽንግተን ከተሰናበተ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1982 አንድ መቶ ሠላሳ (130) ቤዝ ሰረቀ፤ እስካሁን በዘመናዊው ጨዋታ የደረሰበት የለም። በዚያ ዓመት 42 ጊዜ ተይዟል፤ ከ100 ወደ 76 ተሳካለት ማለት ነው። የሄንደርሰን ታላቅነት ግን እዚህ ላይ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት 116 ጊዜ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄዷል። ጎንበስ ብሎ ስለሚቆም የመምቻው ክልል ይጠብባል፤ መጥፎውን ኳስ አይነካም። በመካከል ከጣሉበት ደግሞ ከአጥር ማዶ ይልከዋል፤ በዘመኑ ሁሉ 297 ሆም ራን መትቷል፣ ከነዚህም 81ዱን ጨዋታውን ሲከፍት። ከ1000 ጊዜ 401 ቤዝ ላይ ደረሰ፤ 1,406 ቤዝ ሰረቀ፤ 2,295 ነጥብ አገባ። ሁለቱም የመጨረሻዎቹ ቍጥሮች ክብረ ወሰን ናቸው። በታኅሣሥ 2024 ሲሞት የጻፉለት ሁሉ ስለ እግሩ ጻፉ፤ እኛ ደግሞ ስለ ዓይኑ እንጽፍለታለን።

ከጐናችን ተቀምጠው የሚመለከቱ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በዚህ አገር ቤዝቦል ወዳዶች ዘንድ የታወቀች አባባል ነግረውናል፤ «አንደኛው ቤዝ አይሰረቅም።» ሁለተኛው ይሰረቃል፣ ሦስተኛውም ይሰረቃል፤ ወደ አንደኛው ግን በዱላና በዓይን ነው የሚኬደው። ፍጥነት ማባዣ ነው። በአራት ቢባዛ ትልቅ ነው፤ በባዶ ቢባዛ ባዶ ነው።

እንግዲህ የመቺዎች ተራ እንዴት ይሠራ? በድሮው ልማድ በቡድኑ ውስጥ ፈጣን የሆነው ሰው ሁሉ አንደኛ ተራ ይሰጠዋል። የዚህ ልማድ ጉዳቱ ግልጽ ነው። በ162 ጨዋታዎች ዓመት ውስጥ አንደኛ ተራ ያለው መቺ ከሁለተኛው 18 ጊዜ ያህል ይበልጥ ይመታል፤ ሁለተኛውም ከሦስተኛው እንዲሁ፤ እያለ ይወርዳል። ከ1000 ጊዜ 292 ብቻ የሚደርስን ሰው አንደኛ ማድረግ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕድል ከሁሉ ለሚያባክነው መስጠት ነው። አንደኛ ተራ የሚገባው ቤዝ ላይ በብዛት ለሚደርሰው ነው። ፈጣን ቢሆን እሰየው፤ ባይሆንም ይሁን።

ታዲያ ቤዝ ላይ እምብዛም የማይደርሰው ፈጣን ልጅ ይጣል? በዚህ ላይ በመካከላችን ብዙ ተከራክረናል። «ይጣል» የሚሉ ነበሩ፤ አብዛኞቻችን ግን ቦታ አለው እንላለን። ከ2022 ጀምሮ በሁለቱም ሊጎች ወርዋሪዎች መምታት ቀርቶላቸዋል። ስለዚህ ዘጠነኛው ተራ እንደ ድሮው የሞተ ቦታ አይደለም፤ ከዘጠነኛው ቀጥሎ አንደኛው ይመጣልና። ፈጣኑን ዘጠነኛ ብናደርገው፣ በደረሰባት በጥቂቷ ጊዜ ከኋላው የቡድኑ ምርጥ መቺዎች ይከተሉታል፤ ባልደረሰ ጊዜ ደግሞ ያጠፋው ዕድል አነስተኛ ነው። ሁለተኛም፣ ቤዝ የሚሰርቅ ሰው ሆም ራን ከሚመታ ሰው ፊት መቆሙ ጥቅሙ ያንሳል፤ ኳሱ ከአጥር ከወጣ በአንደኛውም ቤዝ ይቁም በሁለተኛው ያው ይገባልና። አጭር ኳስ ከሚመቱት ፊት ቢሆን ግን ያቺ የተሰረቀች 27 ሜትር ነጥብ ትሆናለች። ሦስተኛም፣ በመጨረሻው ዙር አንዲት ነጥብ ብቻ ስትፈለግ ፈጣኑን ከተቀመጠበት አስነሥቶ ማስሮጥ ብልኅነት ነው፤ ግን እንደ ዋሽንግተን ሳይሆን፣ ወርዋሪን ማንበብ ተምሮ።

ፈጣን ቡድን ሊያሸንፍ እንደሚችል ያሳየን የ1985ቱ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው። አሠልጣኙ ዋይቲ ኸርዞግ ነበሩ። ሜዳቸው ሰፊ፣ መሬቱም ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ስለ ነበር ኳስ አርቆ ከመምታት መሮጥ ይሻል ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት 314 ቤዝ ሰረቀ፤ የመታው ሆም ራን 87 ብቻ ነው፤ 101 ጨዋታ አሸነፈ። ሰው ሁሉ ይህን የሚያወራው አንደኛ ተራ የነበረው ቪንስ ኮልማን 110 ቤዝ ስለ ሰረቀ ነው። ነገር ግን ከኮልማን ኋላ ማን ነበር? ዊሊ መጊ ከ1000 ምት 353ቱን ያሳካ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ። ከእርሱ ኋላ ቶም ኸር፤ 8 ሆም ራን ብቻ መትቶ 110 ሰው ያስገባ። ከእርሱም ኋላ ጃክ ክላርክ፤ በቡድኑ ውስጥ ኀይል ያለው አንድ ሰው፣ 22 ሆም ራን። ኮልማን ቤዝ ላይ የደረሰው ከ1000 ጊዜ 320 ነው፤ የሚያስደንቅ አልነበረም። ቡድኑን የተሸከሙት እርሱን ተከትለው የመቱት ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይህ ነው። ኮልማን ከሻምፒዮናው በፊት ሜዳ በሚሸፍን መሣሪያ እግሩ ተጐድቶ ወጣ፤ ካርዲናልስ ያለ እርሱ ከካንሳስ ሲቲ ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ታግለው ተሸነፉ።

ሕጉም ሲለወጥ ሚዛኑ እንደሚለወጥ መርሳት አይገባም። በ2023 የቤዞቹ ስፋት ከ15 ኢንች ወደ 18 ተደረገ፤ ወርዋሪው የሚወረውርበት ጊዜ በሰዓት ተወሰነ፤ ሯጩን ለማስፈራራት የሚያደርገውም ሙከራ ተገደበ። በ2022 በትልቁ ሊግ የተሰረቀው ቤዝ 2,486 ነበር፤ በ2023 3,503 ሆነ። ከ100 ሙከራም 80ው ተሳካ። ስለዚህ ዛሬ ፈጣን ልጅ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይበልጥ ዋጋ አለው። ሆኖም በአዲሱ ሕግ የነገሡት እነማን ናቸው? በ2023 ሮናልድ አኩኛ 73 ቤዝ ሰረቀ፤ ደግሞም 41 ሆም ራን መታ፣ ከ1000 ጊዜም 416 ቤዝ ላይ ደረሰ። በ2024 ሾሄይ ኦታኒ 59 ሰርቆ 54 ሆም ራን መታ። ሕጉ ለሯጮች በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የገቡት መምታትም የሚችሉት ሆኑ። አንደኛው ቤዝ ዛሬም አይሰረቅም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቡድኑ ጥቅም ነው። ስለ ልጁስ? እዚህ ላይ የማኅበራችን አባሎች ይበልጥ እንዲያዳምጡን እንፈልጋለን።

በዩኒቨርሲቲያችን አጠገብ ባለችው ከተማ የታችኛው ሊግ ሜዳ አለ። መግቢያው ርካሽ ስለ ሆነ ለተማሪ ኪስ ይስማማል። እዚያ የምናያቸው ልጆች ዕድሜያቸው የእኛ ያህል ነው፤ አንዳንዶቹ ከእኛም ያንሳሉ። ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ የመጡት በ16 ዓመታቸው ፈርመው ትምህርታቸውን ትተው የመጡ ናቸው። የሰው አገር ቋንቋ እንደ እኛ እየተንተባተቡ ይለምዳሉ። አብዛኞቹ ትልቁን ሊግ ሳያዩ ይቀራሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ተስፋ ለእነርሱ የዕለት ኑሮ ነው።

የእነዚህ ልጆች ደመወዝ ለብዙ ዓመታት የሚያሳፍር ነበር። በ2022 በተጫዋቾች ማኅበር ውስጥ ተደራጁ፤ በ2023 የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። ከሙሉው ዓመት ሊጎች በዝቅተኛው ደረጃ ያለው ተጫዋች በዓመት የሚያገኘው ከ11,000 ወደ 26,200 ዶላር፣ በከፍተኛው ደረጃ ያለው ደግሞ ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር ከፍ አለ። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደላቸውም፤ በኅብረት ጠይቀው ያገኙት ነው። ሆኖም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 ከትልቁ ሊግ ጋር የተያያዙት የታችኛው ሊግ ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ተቀንሰው ነበር። ደመወዙ ተሻሻለ፤ ቦታው ግን ጠበበ።

በአንድ ቀን የሰከንድ መቍጠሪያ ተመርጦ፣ ሌላ ምንም ሳይማር፣ እግሩ ሲዝል የሚሰናበት ልጅ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዕዳው በመራጩ ላይ ነው እንላለን። ፈጣን ልጅ ያገኘ ቡድን ፍጥነቱን እንደ ሸቀጥ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የለበትም። ኳስ መለየትን ያስተምረው። ወርዋሪን ማንበብን ያስተምረው። በሜዳው ዳርቻ መቆምን ያስተምረው። ይህን ሁሉ ለመማር ጊዜ ይስጠው፤ ሲማርም በልቶ የሚያድርበትን ይክፈለው። ከዚያ በኋላ አልሆነልህም ቢለው በሐቅ ነው። ይህን ሳያደርግ ቢያሰናብተው ግን፣ የዘራው ሳይኖር አዝመራ የጠየቀ ባለመሬት ነው የሚሆነው።

እኛ ተማሪዎችም በአንድ ቀን ፈተና ፈጣን ተብለን የተመረጥን ነን። መመረጣችን እግራችንን አሳየ እንጂ አንደኛው ቤዝ ላይ አላደረሰንም። በተራችን መምህራን፣ አሠሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ሆነን የሌላውን ልጅ የምንመዝንበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ በእጃችን የያዝነው ሰዓት የሚነግረን ከአምስቱ ችሎታዎች አንዱን ብቻ መሆኑን እናስብ፤ የቀሩትን አራቱን ለማወቅ ቁጭ ብለን ብዙ ጨዋታ እንመልከት፤ ለልጁም በሚችልበት ተራ ቦታ እንስጠው።